ቧንቧ ሠራተኛ ነው ያልኩት ድራመር

ባለፈው የጸደይ ወራት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከልጄ ከሜሮን ጋር ለንደን ፊንስበሪ ፓርክ ሽሮና በርበሬ ገዝተን ወደ አውቶቡሱ ስንመለስ፣ ከአንድ የሙዚቃ ሸክላ መሸጫ ደጃፍ የተሰለፉ ሰዎች የእግረኛውን መንገድ ሞልተው አገኘናቸው። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ሰልፈኞቹ ሁሉ ጥቁር ለባሽ ናቸው፤ አብዛኞቹ ራሰ በራ፣ ጢማቸው የሸበተ፣ ቦርጫቸው የገፋ፣ የእኔ እኩዮች። ከዓይኔ በፊት አፍንጫዬ ነው ያወቃቸው። ዝናብ የነካው የቆዳ ጃኬት ሽታ ከትምባሆና ከልብስ ሳሙና ጋር ተቀላቅሎ ሲመጣብኝ እግሬ ቀጥ አለ።

«ማሚ፣ ፊውነራል ነው እንዴ?» አለች ሜሮን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ቀብር አለመሆኑን አውቄያለሁ። በሱቁ መስታወት ላይ የተለጠፈውን የአልበም ሽፋን አይቼዋለሁ። ያው አልበም እኔም ቤት አለ፤ ከልብስ ቁምሳጥኑ ውስጥ፣ ከአንሶላዎቹ ጀርባ፣ ከሁለት ታላላቆቹ ጋር ተደብቆ። ልጄ ይህን አታውቅም ነበር። አባቷም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሳያውቅ ነው የሞተው። እኔ በቤተ ክርስቲያናችን የእናቶች ማኅበር ውስጥ ስንት ዓመት ያገለገልኩ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ከፊት የምቆም ሴት ነኝ፤ የእኔና የዚያ የሸበተ ጢም ሰልፍ ዝምድና ለማንም የሚገባ አይደለም። ስለዚህ ከሥሩ ልጀምር።

ለንደን የመጣሁት አገራችን ውስጥ ወጣት መሆን ራሱ አደጋ በነበረበት ጊዜ ነው። ስለዚያ ጊዜ ሌሎች ብዙ ጽፈዋል፤ እኔ አልመለስበትም። የተቀበሉኝ የአባቴ ታናሽ ወንድም ጋሽ መኮንንና ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ናቸው። ፊንስበሪ ፓርክ ሁለት ክፍል ቤት ነበራቸው፤ አንድ ዓመት ሳሎናቸው ውስጥ ተኛሁ። የነርስ ትምህርት ስጀምር ግን ትምህርት ቤቱ በደቡብ በኩል ስለነበረ፣ ስቶክዌል ከፖርቱጋሎቹ ካፌ በላይ አንዲት ክፍልና አንዲት ጠባብ ኩሽና ተከራየሁ። ጠዋት ጠዋት የካፌው የጣፋጭ ዳቦ ሽታ በወለሉ ስንጥቅ እየገባ ይቀሰቅሰኝ ነበር። ዓሣና ድንች ጥብስ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ሁለት ፓውንድ አይሞላም። ያኔ ሴቱ ሁሉ ትከሻው ላይ ስፖንጅ ያለበት ኮት ይለብስ ነበር፤ እኔም ከገበያ የገዛሁት አንድ ሐምራዊ ነበረኝ፤ ስለብሰው በር ስገባ በጎኔ ዞሬ ነበር የምገባው። ማታ ማታ ከአዲስ አበባ ይዤው የመጣሁትን አንድ ካሴት እሰማለሁ። ካሴቱ ሲላላ ዘፋኙ የሚያንቀላፋ ይመስል ነበር፤ እርሳስ ከትቼ አጠነክረዋለሁ።

ከትምህርት በኋላና ቅዳሜ ቅዳሜ ከባቡር ጣቢያው ማዶ ባለ የልብስ ማጠቢያ ቤት እሠራ ነበር። ሰዎች በከረጢት ያመጡትን አጥቤ፣ አድርቄ፣ አጥፌ አስረክባለሁ። ኮሊንን ያገኘሁት እዚያ ነው። ጸጉሩ ጀርባው ላይ የወረደ፣ ጂንሱ ጉልበቱ ላይ የተቀደደ፣ ቀጭን ረዥም እንግሊዛዊ። አዲስ አበባ ቢሆን ኖሮ «ፍሪክ» ብለን መንገድ እናቋርጥ ነበር። አንድ ትልቅ ከረጢት ጥቁር ካናቴራ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈው።

«ነጭ ካለበት ለይልኝ፤ አብሮ አይታጠብም» አልኩት።

«ነጭ የለኝም» አለኝ። «ኖሮኝም አያውቅ።»

የአራት ሰዎች ልብስ ነበር፤ የባንዱ ልጆች። የባንዳቸው ስም በእኛ ቋንቋ «የዛገ መንጋጋ» እንደማለት ነው። ድራሙን የሚመታው እሱ ነው። የሚጫወቱት ትራሽ ሜታል የሚባለውን ነበር። መጀመሪያ ሲነግረኝ «ትራሽ» ያለው ቆሻሻ ማለቱ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ሰው የራሱን ሙዚቃ እንዴት ቆሻሻ ብሎ ይጠራል? ሳቀና አይደለም፣ መምታት፣ መደብደብ ማለት ነው አለኝ። ኬኒንግተን ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ሲለማመዱ ወስዶ ያሰማኝ ቀን ጣሪያው የተናደ መሰለኝ። ጆሮዬን ይዤ ቆየሁና እጄን ሳነሳ፣ ከዚያ ሁሉ ጩኸት ሥር አንድ የማይዛነፍ ነገር ሰማሁ። የእሱ እግር ነበር። ሁለት ፔዳል አለው፤ ሁለቱም እግሮቹ እየተፈራረቁ ይረግጣሉ። «ይሄማ ውቂያ ነው» አልኩ፤ ውቂያ ምን እንደሆነ አስረዳሁት። በጣም ወደደው። ከዚያ ወዲህ ሙዚቃውን «ዉኪያ» ነበር የሚለው። የእኔም ስም፣ ጥሩወርቅ፣ ለምላሱ ከብዶት «ትሩ» ይለኝ ነበር። በእነሱ ቋንቋ እውነት እንደማለት ነው።

ሁለት ዓመት ተኩል አብረን ነበርን። ኮሊን ቀን ቀን ቀለም ቀቢ ነበር፤ ጥፍሩ ሥር ሁልጊዜ ነጭ ቀለም አለ። ፈተና ሲኖረኝ ካፌው ውስጥ ተቀምጦ የአጥንት ስም ይጠይቀኛል። ሲዘንብ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ይዞ ይቆማል፤ ጃንጥላው የእናቱ ስለነበር አበባ አበባ ነበረበት። አማርኛም ጥቂት ጥቂት አስተምሬው ነበር። ፊንስበሪ ፓርክ አብረን የሄድን ቀን ግን እኔ ሦስት እርምጃ ከፊት እሄዳለሁ። የሚያውቀኝ አበሻ ካለ ብቻዬን የምሄድ እንዲመስል ነው። አንድ ቀን ከኋላ ሆኖ «በአገራችሁ ሴቷ ናት እንዴ ከፊት የምትሄደው?» ብሎ ጠየቀኝ። «አዎ» አልኩት። «ጥሩ ልማድ ነው» አለ፤ አመነኝም። ከዚያ በኋላ የትም ቦታ ስንሄድ እሱ ራሱ ወደኋላ ይቀርልኝ ጀመር። ዛሬም ይህን ሳስታውስ ፊቴ ይግላል።

ሦስተኛ አልበማቸው ወጥቶ ለሁለት ወር ጀርመን ሊዞሩ ሆነ። ከመሄዱ በፊት ከዘመዶቼ ላስተዋውቀው ቃል ገባሁለት። ጋሽ መኮንንንና እትዬ ዘነበችን እሑድ ቤቴ ለምሳ ጋበዝኳቸው፤ እሱን ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ምሳው ከተነሳ በኋላ ና አልኩት። ሳምንቱን ሙሉ ንግግሬን ሳዘጋጅ ሰነበትኩ። እሱ ደግሞ ሄዶ ነጭ ሸሚዝ ገዛ፤ በዕድሜው የመጀመሪያው።

እሑድ ዘመዶቼ ብቻቸውን አልመጡም። ግራጫ ሱፍ ከክራቫት ጋር የለበሰ፣ ፀጉሩን በቅባት ያስተኛ ወጣት ይዘው መጡ። ግርማ ይባላል፤ የአውቶቡስ መሥሪያ ቤት ይሠራል፤ ጨዋ፣ ዝምተኛ፣ ሥጋውን እንኳ በቀስታ የሚያኝክ ልጅ። ለምን እንደመጣ ማንም አልነገረኝም፤ መንገርም አያስፈልግም ነበር። ጋሽ መኮንን «ግርማ እኮ እዚሁ አገር ነው የተማረ» እያሉ በየመሐሉ ያነሳሉ።  ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በሩ ተንኳኳ። ጋሽ መኮንን ለበሩ ቅርብ ስለነበሩ እሳቸው ከፈቱት።

ኮሊን ነጭ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ጸጉሩን ወደኋላ አስሮ ቆሟል። ከዚያ ወደ ልምምድ ስለሚሄድ የፔዳሎቹን ቦርሳ ትከሻው ላይ አንግቷል፤ ውስጡ ያለው ብረት ይንኳኳል።

«ይህ ደግሞ ማነው?» አሉ ጋሽ መኮንን በአማርኛ፣ ወደ እኔ ዞረው።

ኮሊን ሊናገር ከንፈሩን ሲያላቅቅ አየሁ። ግርማ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ያያል። እትዬ ዘነበች የሻይ ማንኪያቸውን አስቀምጠዋል።

«ቧንቧ ሠራተኛ ነው» አልኩ። «ኩሽናው ያንጠባጥባል፣ አከራዩ ነው የላከው።» ከዚያ ወደ እሱ ዞሬ በእንግሊዝኛ፣ ሐኪም ቤት ለማላውቀው በሽተኛ በምናገርበት ድምፅ፣ «ቧንቧው በዚያ በኩል ነው» አልኩት።

አየኝ። ረዥም አልነበረም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ዓይን ለማርገብገብ የሚበቃ። ከዚያ «እሺ እመቤቴ። ኩሽናው ወዲህ ነው?» አለና ቦርሳውን ይዞ ገባ። የእቃ ማጠቢያውን ሥር ከፍቶ በነጭ ሸሚዙ ተንበረከከ። ምንም የሚያንጠባጥብ ነገር አልነበረም። ግማሽ ሰዓት ያህል ከዚያ ሥር ሆኖ ብረት ሲያንኳኳ ሰማሁት። እኛ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጠን ስለ ግርማ ሥራ እናወራለን። እትዬ ዘነበች አንዴ ውሃ ለመቅዳት ኩሽና ገብተው ወጡ። ምንም አላሉም።

ከዚያ ጋሽ መኮንን፣ ጨዋታ አዋቂ ነበሩና፣ «ይህ ሰውዬ ቧንቧውን በጸጉሩ ነው እንዴ የሚጠርገው?» አሉ። ግርማ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከሁሉም በላይ፣ ከሚገባው በላይ፣ ጥርሴን ገልጬ ሳቅሁ። የኩሽናው በር ክፍት ነበር፤ የብረቱ ድምፅ ቆመ። «ጸጉር» የሚለውን ቃል ያውቀዋል። ጸጉሩን እየነካሁ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ሲወጣ ጉልበቱ ላይ ውሃ ነበረ። «ተስተካክሏል፣ እመቤቴ» አለኝ በሩ ላይ። ጀርመን ሄደ። ሲመለስ አልፈለገኝም፤ እኔም አልፈለግኩትም። የልብስ ማጠቢያውን ሥራ ተውኩ። በዓመቱ ግርማን አገባሁ። ግርማ መልካም ሰው ነበር፤ ይህን የምለው ለወጉ አይደለም። ነገር ግን በሠርጌ ቀን ሰው ሁሉ እልል ሲል እንኳ ያ የብረት ድምፅ የቆመበት ቅጽበት ትዝ ብሎኛል።

ባንዱ ብዙ አልቆየም፤ ተበተነ ሲባል ሰማሁ። እንዲህ ያለው ሙዚቃ ጊዜው አለፈበት፣ ወጣቱ ሌላ ነገር መስማት ጀመረ። ኮሊንም ወደ ቀለም ቡርሹ ተመለሰ ብዬ አሰብኩ። ሃያ ዓመት ያህል አለፈ። ሜሮን አድጋ ትምህርት ቤት ገባች፤ እኔ ቤተሰብ አሳደግሁ፣ የሌሊት ተረኛ ሆኜ ስንት በሽተኛ አልጋ ላይ አገላበጥሁ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ባቡር ወንበር ላይ የተተወ ነፃ ጋዜጣ ውስጥ፣ ከታች ጥግ ላይ፣ «የዛገ መንጋጋ» ተመልሶ ተሰባሰበ፣ አዲስ አልበም አወጣ የሚል አየሁ። ፎቶግራፉ የጥፍር ያህል ነው። ጸጉሩን ተቆርጧል። ከአራቱ ወፍራሙ እሱ ሆኗል።

በማግስቱ ሄጄ ገዛሁት። ሻጩ «ለልጅሽ ነው?» አለኝ። «አዎ» አልኩ። ስሙ «ሁለተኛ ፈረቃ» ይባላል። ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት እየከተፍኩ በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁት። ግርማ ገብቶ «ምን እየሰማሽ ነው?» ሲለኝ «ስብከት» አልኩት። እሱም «የማን?» ሳይል፣ እንዳያውከኝ ቀስ ብሎ በሩን ዘግቶልኝ ወጣ። ያ አልበም፣ እውነቱን ልናገርና፣ ጥሩ አይደለም። እንደ ሃያ ዓመት ልጆች ሊፈጥኑ ይሞክራሉ፤ የኮሊን እግር ከጊታሮቹ ቀድሞ ይሮጣል። ድሮ ራሱ ይነግረኝ ነበር፤ የፈራ ድራመር ይቸኩላል ይል ነበር። አለቀሰች ብለው እንዳይጠይቁኝ ሽንኩርት መክተፌ በጀኝ።

ከተሰባሰቡ ወዲህ ሁለተኛው ከአምስት ዓመት በኋላ መጣ፤ «ጠባሳ» ይባላል። ዘፋኛቸው ጉሮሮውን ታሞ ስለነበር እንደ ድሮው መጮህ አይችልም፤ ይናገራል፣ ያጉረመርማል። የሚጮኹት ጊታሮቹ ናቸው። ኮሊን በዚህኛው አይቸኩልም። ሦስተኛው፣ በሱቁ መስታወት ላይ የነበረው፣ «ቀስ በል» ነው። የስድሳ ዓመት ሰዎች አልበም ነው፤ መሐል መሐል ላይ ሁሉም ዝም ይሉና የእሱ ሁለት እግሮች ብቻ ይቀራሉ። ከሦስቱም የምወደው እሱን ነው። ግርማ ከሞተ ወዲህ ቤት ውስጥ ብቻዬን ነኝ፤ ከማንም መደበቅ አያስፈልገኝም። ግን ሰምቼ ስጨርስ ወደ አንሶላዎቹ ጀርባ እመልሰዋለሁ። እጄ ለምዶታል።

እንግዲህ ፊንስበሪ ፓርክ፣ ያ ሰልፍ ፊት ቆመናል። «ሜሮን፣ በዚያ ማዶ እንሻገር» ብዬ ክንዷን ስይዛት፣ ከሱቁ በር አጠገብ የወረቀት ኩባያ ይዞ የቆመ መነጽር ያደረገ ሰው ቀና አለ።

«ትሩ?» አለ።

ድምፁ አልተለወጠም። ፈገግ እያለ ሁለት እርምጃ መጣ። ሜሮን አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየች። «ማሚ፣ ታውቂዋለሽ?» አለችኝ።

አንባቢዬ፣ ልጄ ናይጄሪያዊ ነው ያገባችው። ሠርጓ ላይ የእነሱን ጥምጥም አስሬ የጨፈርኩ እኔ ነኝ። አጎቴ ከሞቱ ስንት ዓመታቸው። ባሌም የለም። በዚያ መንገድ ላይ የምፈራው አንድም ፍጡር አልነበረም። ሆኖም አፌ ራሱን ከፈተና እንዲህ አለ፦ «ድሮ ስቶክዌል ስኖር ቧንቧ የሚጠግንልን ሰው ነው።»

በእንግሊዝኛ ነበር የተናገርኩት። ኮሊን ሰማ። ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ፤ ውስጡ ያለው ብቻ ሄደ።

«እውነቷን ነው» አላት ለሜሮን። «የእናትሽን ኩሽና ሠርቼ ነበር። ከረዥም ጊዜ በፊት።» ከዚያ አልበም የሚያስፈርሙት ሰዎች እየጠበቁኝ ነው ብሎ ወደ ሱቁ ገባ።

አውቶቡሱ ላይ ፎቅ ወጥተን ተቀመጥን። ሜሮን ስልኳን ስትነካካ ቆይታ፣ «ማሚ፣ ፎቶው ሱቁ መስታወት ላይ ነበር እኮ። ቧንቧ ሠራተኛ አይደለም» አለች። ሽሮውን ጭኔ ላይ አቅፌ ሁሉንም ነገርኳት። ወንበር ወንበሩ ላይ ሰው ነበር፤ በአማርኛ ስለሆነ ግድ አልሰጠኝም። 

«ሰውየው ሲመልስልኝ አንድ ሰከንድ እንኳ አላሰበም» አለች። «ሪሃርስ ያደረገው፣ የተለማመደው ነው የሚመስለው። እንደዚያ እንደምትይ ኤክስፔክት አድርጎ ነበር።»

ልጄ ልትጎዳኝ ብላ አይደለም። ግን ከዚያ በላይ የሚቆርጥ ነገር ማንም ብሎኝ አያውቅም።

ቤት ስንገባ አልበሞቹን አወጣሁላት። «ቀስ በል»ን ሳሎን ውስጥ፣ ጆሮ ማዳመጫ ሳይሆን፣ ድምፁን ከፍ አድርጋ ከፈተችው። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ዳር እስከ ዳር ሰማነው። «ቆንጆ ነው» አለች፤ ቀጥላም «አክችዋሊ» አለች፤ ያልጠበቀችው ነገር ሲገርማት የምትላት ናት፤ ደስ እንዲለኝ ብላ እንዳልሆነ በዚያች ቃል አወቅሁ። ከዚያ የባንዱን ገጽ ፈልጋ በስሜ መልእክት ላከችለት። በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ። ስልክ ቁጥሩን ልኮ፣ ሐሙስ ኬኒንግተን አንድ አዳራሽ ውስጥ እንደሚጫወቱ፣ ከሰዓት በኋላ ዕቃ ሲያስተካክሉ ብመጣ ጥቂት ደቂቃ እንደሚኖረው ጻፈ።

ብቻዬን ሄድኩ። በጓሮ በር በኩል አንገቱ ላይ ፎጣ ጣል አድርጎ ወጣና ባዶ የድራም ሳጥን ላይ ተቀመጠ። ለእኔም ሌላ ሳጥን ሳበልኝ። ሚስት እንዳለው፣ ሁለት የልጅ ልጆች እንዳሉት፣ የጉልበቱ ጅማት እንደተበጠሰ ነገረኝ።

«ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት» አልኩት።

«ለቅዳሜው?»

«ለሁለቱም።»

መነጽሩን አውልቆ በፎጣው ጠረገ። «ቧንቧው ይህን ያህል አይደለም» አለኝ። «ልጅ ነበርሽ፣ ደነገጥሽ። አንድ ዓመት ተናድጄብሽ ነበር፣ ከዚያ አለፈልኝ። ያላለፈልኝ ሳቁ ነው። አራት ሰው ስቆ ይሆናል፤ ያንቺን ለይቼ ሰማሁት።»

 ከዚያ ለዓመታት ለራሴ ስነግረው የኖርኩትን ነገርኩት። «የእኛን ሰዎች አታውቃቸውም። ቢያውቁ ኖሮ ከቤተሰብ ያወጡኝ ነበር። እዚህ አገር ያለ ዘመድ ያስቀሩኝ ነበር። ምርጫ አልነበረኝም።»

አሰበ። «እንደዚያ ከሆነማ እሺ» አለ።  ጉልበቱን ማሟሟቅ ስላለበት ይቅርታ ጠይቆኝ ገባ። ከግድግዳው ውጭ ቆሜ ጥቂት ሰማሁትና ወደ ቤቴ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር ቀለል ብሎኝ ነበር።

እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ እትዬ ዘነበችን ልጠይቅ ሄድኩ። ዘጠና ሊሞላቸው ነው፤ ፊንስበሪ ፓርክ አጠገብ አረጋውያን በሚኖሩበት ሕንፃ አንዲት ክፍል አላቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸውና ልባቸው ግን እንደ ጥንቱ ነው። ቀለል ስላለኝ ነው መሰለኝ፣ እግራቸውን ቅባት እየቀባሁ፣ «እትዬ፣ ያኔ ስቶክዌል ለምሳ የመጣችሁ ቀን አንድ ቧንቧ ሠራተኛ ነበር፣ ያስታውሳሉ?» አልኳቸው።

«ያንቺን ልጅ ማለትሽ ነው?» አሉ።

እጄ ቆመ።

«ምን አስደነገጠሽ? ውሃ ልቀዳ ስገባ ብርጭቆ ስፈልግ አየኝና ከላይኛው መደርደሪያ አውርዶ ሰጠኝ። ቧንቧ ሠራተኛ የሰው ቤት ብርጭቆ የት እንዳለ በምን ያውቃል? ደግሞ ‹እንደምን ዋሉ› አለኝ። በሹክሹክታ፣ እናንተ እንዳትሰሙ። ‹ዋልሽ› አላለኝም፤ ‹ዋሉ› ነው ያለኝ። ይህን አንቺ ካላስተማርሽው ማን ያስተምረዋል?»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«አንቺ ቧንቧ ሠራተኛ ነው ያልሽውን እኔ ምን ነው ልበል? ለጋሽ መኮንንሽ መንገድ ላይ ነገርኳቸው። ያንን ቀልድ በመቀለዳቸው አፈሩ። ‹ግርማን አምጥተን አስደንግጠናት ነው፣ ራሷ እስክትነግረን እንጠብቃት› አሉ። ጠበቅንሽ። ዓመት ሙሉ ጠበቅንሽ። ከዚያ አንቺው ግርማን እሺ አልሽ፤ እኛም ያኛው ነገር አልሆነም ማለት ነው ብለን ተውነው።»

«ብነግራችሁ ኖሮስ?» አልኩ።

«ጋሽ መኮንንሽ ያኮርፉ ነበራ፣ አንድ ወር። ከዚያ ሰውየው ሲመጣ ዕቃ ሲሸከምላቸው፣ እሳቸውም ቼዝ ሲያስተምሩት፣ ያልቅ ነበር። ምን እናደርግሻለን ብለሽ ነው? የወንድማቸው ልጅ አይደለሽም?»

እግራቸውን ቀብቼ ጨረስኩ፣ ካልሲያቸውን አለበስኳቸው፣ ወጣሁ። በጣቢያው አካባቢ ሰው ይተራመሳል። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ የሁለት ደግ ሰዎችን ስም ለፈሪነቴ መከለያ አድርጌ ኖሬያለሁ። በእነሱ ስም ዋሽቻለሁ፤ በእነሱ ስም ተሳልቄያለሁ፤ ሐሙስ ዕለትም፣ ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ፣ ሰውየው የተቀበለኝ እነሱን ከስሼለት ነው። ያፈርኩት በእሱ ነበር፤ በጸጉሩ፣ በቀለም ቀቢነቱ፣ በቆመበት ቦታ ሁሉ ሰው ዞሮ ስለሚያየው። ማንም አላስገደደኝም።

ሰኞ ጠዋት ደወልኩለት። ከጀርባው የእቃ ድምፅ ይሰማል፤ ቁርስ ሰዓት ነበር።

«ትሩ ነኝ» አልኩት። «ሐሙስ የነገርኩህ ልክ አልነበረም። ዘመዶቼ አያባርሩኝም ነበር። ያውቁ ነበር፤ እስክነግራቸው ይጠብቁኝ ነበር። የፈራሁትም ያፈርኩብህም እኔው ነኝ።»

የእቃው ድምፅ ቆመ። ስልኩን የዘጋው መስሎኝ ነበር።

«ውሃ ልትቀዳ የገባችው ሴትዮ» አለ በመጨረሻ። «አሁንም አለች?»

«አሉ። ትናንት አብሬያቸው ነበርኩ።»

«ምን ዓይነት ሰው ነች?»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ስለ እትዬ ዘነበች ነገርኩት።